ፊርማ የማያጣው ግድግዳ፦ ደጋግመን እንቀባው ወይስ ሥዕል እናሥልበት?

የግቢው_ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነው። ወደ መንገድ የሚያየው የጎን ግድግዳ 12 ሜትር በ6 ሜትር ይሆናል፤ ሲሚንቶ ልስን ላይ ፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ነው። ታግ (በስፕሬይ ወይም በማርከር ፈጠን ተብሎ የሚጻፍ የስም ፊርማ) ይጻፍበታል፣ ይቀባል፣ ተመልሶ ይጻፍበታል። የነዋሪዎች ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ግራፊቲ (ግድግዳ ላይ መጻፍና መሣል) ወንጀል ነው፤ ቀብተን ካሜራ እንስቀል» ይላል። ሌላው «ዘመኑ ተቀይሯል፤ ከተሞች ራሳቸው እየከፈሉ ነው የሚያሥሉት። ጥሩ ሠዓሊ ካመጣን ማንም አይነካውም» ባይ ነው።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ሥዕል እውነት ታግን ይከላከላል? 72 ካሬ ሜትር ምን ዝግጅትና ምን ያህል ቀለም ይጠይቃል? ከዓመታት በኋላ ሕንፃው ሲታደስ ሥዕሉን ብናጠፋው ሠዓሊው ሊከሰን ይችላል? ሕጉ በየአገሩ እንደሚለያይ ይገባኛል፤ መሠረቱን ብታስረዱኝ ይበቃኛል።

የድሮ_ፊርማ

«ማንም አይነካውም» የሚለውን ከወዲሁ ተዉት። የሚነካ አይጠፋም፤ ልዩነቱ በዓመት ስንት ጊዜ የሚለው ላይ ነው።

ታግ የሚጽፍ ሰው ስሙ እንዲታይለት ነው የሚለፋው። ኒው ዮርክ ውስጥ «ታኪ 183» የሚለው ጽሑፍ በየግንቡና በየባቡር ጣቢያው ከመብዛቱ የተነሣ ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ልጁ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ተከታዩ እንደ አሸን ፈላ። የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ከዚህ ጣጣ የወጣው በ1980ዎቹ አጋማሽ በያዘው አሠራር ነው፦ አንዴ የጸዳ ባቡር ከተጻፈበት፣ እስኪጸዳ ድረስ ሐዲድ ላይ አይወጣም። ስሙን ማንም ካላየለት ሌሊቱን ሙሉ የደከመው ሰው ምን አተረፈ? ግራፊቲ ያለበት የመጨረሻው ባቡር ሜይ 12 ቀን 1989 ከአገልግሎት ወጣ። ስለዚህ «እንቀባ» የሚለው ወገናችሁ ጭራሽ አልተሳሳተም። ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የሚቀባ ግድግዳ ያሰለቻል። ሦስት ሳምንት ቆይቶ የሚቀባ ግን ለቀጣዩ ሰው ንጹሕ ሸራ ወጥሮ እንደ መስጠት ነው።

ሌላው መንገድ የፊላደልፊያ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1984 ፀረ ግራፊቲ ፕሮግራም ስትጀምር ሠዓሊዋ ጄን ጎልደን ተቀጥራ፣ ግድግዳ ላይ ሲጽፉ የነበሩትን ወጣቶች ወደ ግድግዳ ሥዕል አመጣቻቸው። ያ ፀረ ግራፊቲ የተባለው ሥራ ውሎ አድሮ የከተማዋ የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራም ሆነ፤ ሥራዎቹም በሺዎች ይቆጠራሉ። ኮሚቴያችሁ ልብ ሊለው የሚገባው ብሩሹን የያዘው ማን እንደነበረ ነው።

በግራፊቲ ጸሐፊዎቹ መካከል ያልተጻፈ ደረጃ አለ። ታግ ዝቅተኛው ነው። በሁለት ቀለም ፈጠን ተብሎ የሚሠራው ስሮው አፕ ከሱ ይበልጣል። ብዙ ቀለምና ብዙ ሰዓት የፈሰሰበት ፒስ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ነው። ትንሹን በትልቁ መሸፈን ያስኬዳል፤ ትልቁን በትንሹ መሸፈን ንቀት ነው፣ ጠብም ያመጣል። በአካባቢው ስም ያለው ጸሐፊ የሠራውን ብዙዎቹ የሚያልፉት ለዚህ ነው። ከሩቅ የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ሰው የሣለው ወፍና አበባ ግን ይህ ከለላ የለውም። አሁን ግድግዳው ላይ ፒስ ካለ ደግሞ ሳትነግሩት አትሸፍኑበት። ቀድሞ የሚመጣባችሁ እሱ ነው።

ንድፉም ራሱ ይረዳል። ታግ ባዶ ቦታ ይወዳል፤ ወጥ ሰማይ ወይም ነጭ ዳራ ታች ላይ ከተተወ ግብዣ ነው። ከመሬት እስከ 2.5 ሜትር ያለውን፣ ማለትም ቆሞ እጅ የሚደርስበትን፣ በጥልፍልፍ፣ በቅጠል፣ በጥቅጥቅ መስመር ሙሉት። የተጻፈው ጎልቶ አይታይም፣ ሲጠገንም ጥገናው አይለይም።

ብሩሽና_ጣሳ

ጸሐፊው ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ጥያቄህን ልያዘው። የግድግዳ ሥዕል ሲላጥ ሁሉም ቀለሙን ይሰድባል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥር ነው።

መጀመሪያ እርጥበት። 45 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርገህ አራቱንም ጎን በፕላስተር (በሚጣበቅ ቴፕ) አሽገው፤ ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆይ። ከውስጥ ጠል ከቋጠረ ወይም ልስኑ ከጠቆረ ግድግዳው ውኃ እየሳበ ነው ማለት ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ሞክረው፤ በተለይ ከመሬቱ አጠገብና ከአሸንዳው ሥር። ምንጩ ሳይደፈን መቀባት ገንዘብ መበተን ነው። ነጭ ዱቄት የሚመስል ጨው ከወጣበት በደረቅ ብሩሽ ጥረገው እንጂ በውኃ አትጠበው፤ ጨው በውኃ ሟሙቶ ወደ ልስኑ ይመለስና ሲደርቅ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል።

አዲስ ልስን የተለጠፈበት ቦታ ካለ 28 ቀን ይጠብቅ። ትኩስ ሲሚንቶ ፒኤቹ (የአልካላይነት መለኪያው) 12ና ከዚያ በላይ ስለሆነ የቀለሙን ማጣበቂያ ይበላዋል፣ አንዳንዱንም ቀለም ያነጣዋል። አንድ ጠብታ ፌኖልፍታሊን (አልካላይን በቀለም የሚያሳይ ፈሳሽ) እርጥብ በተደረገው ልስን ላይ ሲጣል ደማቅ ሮዝ ከሆነ ገና ነው። መጠበቅ ካልተቻለ አልካላይ የሚቋቋም ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ግዴታ ነው።

ከዚያ የድሮው ቀለም። በስለት የመስቀል ጥልፍልፍ ጭረህበት ጠንካራ ፕላስተር ለጥፈህ ባንዴ ንቀለው። ቅርፊት ይዞ ከመጣ በላዩ የሚሣለው ሁሉ ከሱ ጋር ይወድቃል፤ መፋቅ አለበት። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ ፍቆ አቧራ ማስነሣት አይገባም። በእጅህ ስትዳብሰው ዱቄት ካስያዘህ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘልቆ የሚይዝ ፕራይመር ይቀባ። ስንጥቁ በስቱኮ ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከል፤ ስቱኮው ግን የውጭ ዓይነት ይሁን። የቤት ውስጡ በመጀመሪያው ክረምት ይሟሟል።

ታጎቹን ዝም ብለህ በፕላስቲክ ቀለም አትሸፍናቸው። የማርከር ቀለም፣ በተለይ ቀዩና ሐምራዊው፣ በሁለትና በሦስት ዙር ቀለም ውስጥ ሰርጎ ይወጣል፤ ሬንጅ ያለበት ጥቁርም እንዲሁ። እነዚህን የሚያቆመው እድፍ የሚዘጋ ፕራይመር ነው። የብር ቀለም ያለው ስፕሬይ ችግሩ ሌላ ነው፦ ሲደርቅ ገጹ የብረት ዱቄት ሆኖ ስለሚቀር ላዩ ላይ የሚቀባው አይጣበቅም። በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ ጠርገህ ነው የሚያዘው።

ወደ መጠኑ። በሻካራ ልስን ላይ አንድ ሊትር ፕራይመር 6 ወይም 7 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ለ72 ካሬ ሜትር 12 ሊትር ያዝ። መሠረት ቀለሙ ሁለት ዙር ነው፤ ሊትሩን በ8 ካሬ ብናሰላ 18 ሊትር ይመጣል። ባለ 400 ሚሊ ሊትር የስፕሬይ ጣሳ ደግሞ በደንብ ሲሸፍን ከ1 እስከ 1.5 ካሬ ሜትር ነው። ሙሉውን በጣሳ እንሥራ ካላችሁ ከ50 እስከ 70 ጣሳ ይፈጃል፤ ይህ ብክነት ነው። ሰፋፊው ቦታ በሮለርና በውጭ አክሪሊክ ይሞላ፤ ጣሳው ለጥላ፣ ለቀለም ሽግግርና ለመስመር ይቆይ። ያኔ ከ20 እስከ 30 ይበቃል።

ንድፉን ወደ ግድግዳ ለማሻገር በፕሮጀክተር ማታ ማታ መሥራት ይቻላል፤ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ግን ብርሃኑ አይዳረስም። ዛሬ ብዙዎች የሚጠቀሙት የጭረት ዘዴ ነው፦ ግድግዳው ላይ ያለ ሥርዓት ፊደል፣ ክብና ጠማማ ምልክት ትሞላለህ፤ ከመሐል ፊት ለፊት ፎቶ ታነሣለህ፤ ንድፉን በስልክ ላይ ሳሳ አድርገህ ከፎቶው በላይ ትደርባለህ። «አፍንጫው እዚህች ጠማማ ምልክት ላይ ያርፋል» እያልክ ትሣላለህ። ፎቶው ከጎን ከተነሣ ወይም ሰፊ ሌንስ ጫፉን ካጎበጠው መጠኑ ሁሉ ይፋለሳል። ስለዚህ ራቅ ብለህ አንሣው።

ጣሳው ውስጥ ያለው ኳስ መንኳኳት ከጀመረ በኋላ ሁለት ደቂቃ ይናጥ። ለቀጭን መስመር ቀጭን አፍንጫ ገጥሞ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር መቅረብ፣ ለሰፊ ሙላት ሰፊ አፍንጫ ገጥሞ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ መራቅ ነው። ቀለም የሚንጠባጠበው እጅ ቦታ ላይ ሲቆም ነው፤ መጫን የሚጀመረው እጁ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ሥራው ሲያበቃ ጣሳውን ገልብጦ ንጹሕ ጋዝ እስኪወጣ መንፋት፤ አለዚያ አፍንጫው ይደፈናል። ማስኩ ደግሞ ለትነት የተሠራ ማጣሪያ፣ ኤ2ፒ3 የሚባለው ዓይነት፣ ይኑረው። የጨርቅና የአቧራ ማስክ ትነትን አያግድም።

ስንት ዓመት ለሚለው የቀለሙ ዓይነት ይወስናል። ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት ቡናማ፣ የሸክላ ቀይና ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ እንዲሁም ፍታሎ የሚባሉት ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ፀሐይን ይችላሉ። ርካሽ ደማቅ ቀይና ቢጫ ቀድመው ይገረጣሉ፤ የሚያበራው ፍሎረሰንት ቀለም በፀሐይ ፊት ዓመትም ላይሞላው ይችላል። ሠዓሊው ንድፉን ሲያሳያችሁ «ቀዩ ከምን የተሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣ ሌላ ሠዓሊ ፈልጉ፤ ስፋት ያለው ግድግዳ የሚለማመዱበት ደብተር አይደለም።

ልስን_መርማሪ

ብሩሽና_ጣሳ ያለውን እጋራለሁ፤ የዘለላት ነገር መከላከያው ሽፋን ናት። እሷ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ሁለት ዓይነት አለ። ቋሚው በአብዛኛው ፖሊዩሬቴን፣ ማለትም ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ሽፋን ነው፤ ታጉ በፈሳሽ ማስለቀቂያ ይጠረጋል፣ ሽፋኑ ይቀራል፣ ብዙ ጊዜም ያገለግላል። ተሠዊው ደግሞ ሰም ወይም ከዕፅዋት ስኳር የሚሠራ ስስ ሽፋን ነው፤ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ታጉን ይዞ አብሮ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ይቀባል። ሻጩ ሁልጊዜ ቋሚውን ያወድሳል። ለእናንተ ግድግዳ ግን አልመርጠውም። ልስን ይተነፍሳል፤ ፖሊዩሬቴን ትነቱን ስለሚያፍን ከጀርባ እርጥበት ካለ ሽፋኑ ሥዕሉን ይዞ ያብጣል። ደግሞም በላዩ ማደስ አይቻልም፤ አዲስ ቀለም አይጣበቅበትም።

በሥዕል ላይ የሚሠራው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ሥዕሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ግልጽ የአክሪሊክ መለያ ሽፋን አንድ ወይም ሁለት ዙር ይቀባ። ከዚያ ተሠዊው ሽፋን ይከተል። መለያ ሽፋኑ ከሌለ ማስለቀቂያው ታጉን ሲያነሣ የሥዕሉንም ቀለም ይነካል። ሽፋኑ እስከ 3 ሜትር ከፍታ ቢበቃም፣ አብረቅራቂነቱ ካልተቀባው ክፍል ስለሚለይ ጫፉ ሰማይ መሐል ላይ አይቁም፤ የሥዕሉን አንድ መስመር ተከትሎ ይቁረጥ። አለበለዚያ ከሩቅ ውኃ የደረሰበት ምልክት መስሎ ይታያል።

ሽፋን በሌለው ግድግዳ ላይ ታግ ሲነሣ የሚቀረው ጥላ የሚመጣው የቀለሙ ዱቄት ወደ ቀዳዳዎቹ ስለሚሰርግ ነው። ቀጭን ፈሳሽ ቲነር በጨርቅ ማሸት ይህን ያባብሳል፤ የሟሟው ቀለም ወደ ውስጥ ይወርዳል። ጄል የሆነ ማስለቀቂያ ይሻላል፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ ቀለሙን ወደ ውጭ ያመጣል። ማንኛውም ነገር አስቀድሞ በማይታይ ጥግ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሞከር። ሌላ ግድግዳችሁ ጡብ ወይም ድንጋይ ከሆነ በግፊት በሚረጭ አሸዋ አታስነኩት። የጡብ ጥንካሬ በእሳት የጠነከረው ላይኛው ቆዳው ነው፤ እሱ ከተላጠ ዝናብ ይገባዋል። ታጉ ይጠፋል፣ ግድግዳው ግን ይበሰብሳል።

ውል_አንባቢ

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ። ግድግዳው የእናንተ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ግን ሠዓሊው መብት ይኖረዋል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የቅጂ መብትን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት፣ «6 ሁለተኛ» (6bis) በሚባለው አንቀጹ፣ ሠዓሊ መብቱን ካስተላለፈ በኋላም ሥራው በስሙ እንዲጠራና ክብሩን ወይም ዝናውን የሚጎዳ ማዛባት እንዳይደረግበት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ፈጽሞ ማጥፋትን በተመለከተ አገሮች ይለያያሉ፤ የአገራችሁን ሕግ ባለሙያ መጠየቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ የት እንደደረሰ ለማየት ኒው ዮርክ ኩዊንስ የነበረውን፣ በግራፊቲ የታወቀውን የፋይቭ ፖይንትዝ ሕንፃ ይውሰዱ። ባለቤቱ ለዓመታት ፈቅዶ በሕንፃው ላይ ሲሣልበት ቆየ። ሊያፈርሰው ሲነሣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 በአንድ ሌሊት ሥዕሎቹን ነጭ አስቀባቸው። ፍርድ ቤት በ2018 ለ45 ሥራዎች እያንዳንዳቸው 150,000 ዶላር፣ በድምሩ 6.75 ሚሊዮን ዶላር ለ21 ሠዓሊዎች እንዲከፈል ወሰነ፤ ይግባኙም በ2020 አልተሳካም። ዳኛው የጻፉት ትልቁ ነገር ባለቤቱ የማፍረሻ ፈቃዱን ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ሆን ብሎ ጥሷል እንደማይባል ነው። የሥነ ጥበብ ሠዓሊዎችን መብት የሚጠብቀው የ1990ው የአሜሪካ ሕግ፣ ሥራው ሳይጠፋ መነሣት የሚችል ከሆነ ባለቤቱ በጽሑፍ አሳውቆ 90 ቀን እንዲጠብቅ ያዛል። መነሣት የማይችል ከሆነ ደግሞ «ሲነሣ ሊጠፋ ይችላል» የሚል፣ ሁለቱም የፈረሙበት ጽሑፍ ባለቤቱን ያድነዋል። አንድ ገጽ ወረቀት ነበር የጎደለው።

ያለ ፈቃድ የተሣለውስ? እንግሊዝ ፎክስቶን ውስጥ ማንነቱን የሚደብቀው የመንገድ ሠዓሊ ባንክሲ እ.ኤ.አ. በ2014 በአንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ሥሎ ሄደ። ተከራዩ ድርጅት ግድግዳውን ቆርጦ ለሽያጭ ወደ አሜሪካ ላከው፤ መከራከሪያው «ግድግዳውን መጠገን የተከራይ ግዴታዬ ነው» የሚል ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2015 የተቆረጠው ቁራጭ የአከራዩ ነው አለ። ጭረት ተብሎ የሚታጠብ የነበረ ነገር ንብረት ሆኖ ሰው ተካሰሰበት።

ለእናንተ ውሉ ውስጥ ይግባ የምለው፦ ንድፉ በኮሚቴው የሚጸድቅበት ቀን፤ የቀለሞቹ ስምና ቁጥር፤ ሥዕሉ የሚቆይበት ጊዜ፣ ለምሳሌ 5 ዓመት፤ ከዚያ በኋላ በ90 ቀን ማስታወቂያ ሊነሣ እንደሚችል፤ የተበላሸውን ማን በማን ወጪ እንደሚጠግን፤ ሠዓሊው ራሱ እንዲጠግን ቅድሚያ ማግኘቱ፤ የመወጣጫው ደኅንነትና መድን የማን እንደሆነ፤ ስሙ የት እንደሚጻፍ። ፎቶውን ለማስታወቂያ የመጠቀም መብት ለብቻው ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የሠዓሊው ሆኖ ይቀራል። አሁን ያለው ሁኔታ ከመሸፈኑ በፊትም ቀን ያለው ፎቶ አንሡ።

የተከራይ_ዓይን

ማንም ያላነሣው አንድ ነገር። ሥዕል ሠፈርን ያስወድዳል፤ ኪራይም አብሮ ይወጣል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሠዓሊዎቹ ናቸው። ብሉ የተባለው ጣሊያናዊ ሠዓሊ በርሊን ክሮይትስበርግ የነበሩት ሁለት ግዙፍ ሥዕሎቹ እ.ኤ.አ. በ2014 በራሱ ፈቃድ ጥቁር ተቀቡ፤ ባዶው መሬት ለግንባታ ሲዘጋጅ ሥዕሎቹ የሻጩ ጌጥ እንዲሆኑ አልፈለገም። በ2016 ደግሞ ቦሎኛ ውስጥ ከግድግዳ የተላጡ ሥራዎች በአዳራሽ ሊታዩ ነው ሲባል፣ ለ20 ዓመት በከተማዋ የሣላቸውን ሁሉ ግራጫ ቀብቶ አጠፋቸው። ኮሚቴው ውስጥ ተከራዮች ከሌሉ ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቋቸው። የማይወዱትን ሥዕል ማንም አይጠብቅላችሁም።

የግቢው_ጸሐፊ

እግዜር ይስጥልኝ። ከተከራዮቹ ጋር እንነጋገራለን፤ የአካባቢውን ጸሐፊዎችም እናፈላልጋለን። አንድ የቀረችኝ፦ ሥዕሉ አልቆ በሁለተኛው ሳምንት ታግ ቢገኝበት በዚያው ቀን ምን እናድርግ? ሠዓሊው ሩቅ ቢሆንስ?

ልስን_መርማሪ

መጀመሪያ ፎቶ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ማንሣት። ተሠዊ ሽፋን ካለ አምራቹ በጻፈው ሙቀት ልክ ሙቅ ውኃ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከታች ወደ ላይ። ከላይ ከጀመራችሁ የሚወርደው ቆሻሻ ደረቁ ላይ መስመር ይሠራል። ሽፋኑ ገና ካልተቀባ ማስለቀቂያ አታስነኩ፤ ያልጠነከረ አክሪሊክ አብሮ ይለቃል። ያኔ የሚያዋጣው በዋናው ቀለም መድገም ነው።

ብሩሽና_ጣሳ

ለመድገም ደግሞ ቀለሙ ከናንተ ጋር መኖር አለበት። ከእያንዳንዱ ዋና ቀለም ቢያንስ ግማሽ ሊትር፣ ከዳራው ደግሞ 2 ሊትር ለይቶ እንዲያስቀምጥላችሁ ከሠዓሊው ጋር ተስማሙ። እስከ አፉ በሞላ ትንሽ ዕቃ ይቀመጥ፤ ባዶ አየር ያለበት ባልዲ ቀለሙን ቆዳ ያስይዘዋል። ፀሐይም ውርጭም የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ክዳኑ ላይ የቀለሙን ቁጥር፣ የተቀባበትን ቀንና የሥዕሉን የትኛው ክፍል እንደሆነ ጻፉ፤ «ሰማያዊ» ብቻ ከተጻፈ ስድስት ሰማያዊ ታገኛላችሁ። ሲደገም በታጉ ቅርጽ ላይ ብቻ አትቀቡ፤ ፊደሉ ከሥር እንደ ጥላ ይነበባል። ቅርጹ ከሚያርፍበት መስመር እስከ ሚቀጥለው መስመር ያለውን በሙሉ ሙሉት። ዕቃው ከሁለት ዓመት በኋላ ተከፍቶ የበሰበሰ ሽታ ካለው ጣሉትና በቁጥሩ አዲስ አስቀምሙ።